የወፍጮ ቤቱ ጠሪ፣ አሮጌውና አዲሱ

ሸዋ በር ገበያ ሽንኩርት የሚገዛ ሰው ስለ ሽንኩርት ማሰብ የለበትም። ይህን የማያውቅ ካለ ትናንት ደሴ የገባ ነው። ሻጯ ፊት ቆሞ «ዛሬስ ደህና ወጥ ይሠራ» ብሎ ያሰበ እንደሆነ፣ እጁ ላይ ያለው አምባር ጉጉቱን ለሚዛኑ ይነግርበታል፤ ሚዛኑም ዋጋውን ሽቅብ ይሰቅለዋል። ስለዚህ ሴቶቹ ሽንኩርት ሲመርጡ ለቅሶ ቤት ያስባሉ፤ ቲማቲም ሲመርጡ የጥርስ ሕመም። ዘይት ለመግዛት ሲሉ ከባላቸው ተጣልተው የሚወጡም አሉ። ዘይት ከባድ ነው።

በዚህ በኩል እትዬ ብርቄን የሚያህል አልነበረም። ሰማንያን አልፋለች፤ ፊደል የሚባል ነገር አልቆጠረችም፤ ግን ሻጭ ፊት ስትቆም አምባሯ እንደ ድንጋይ ዝም ይላል። ስኳር የተወደደ ለት ጎረቤቶቿ እሷን ይልኳታል። ስትመለስ ታዲያ ሳትሳደብ ዕቃ አታስረክብም። «የናንተ ልብ ወንፊት ነው፤ የያዘውን ሁሉ ያፈሳል!» ብላ፣ ስኳሩን ከጠረጴዛው ላይ ወርወር ታደርገዋለች።

ከእድሳት ቤት በተጠራች ዕለትም አልደነገጠችም። የሳሎኗ ግድግዳ የአየር ሁኔታውን ሲያወራ ቆይቶ ድንገት ዝም አለና፣ ጥርሷ አንድ በአንድ የተደረደረ የሚመስል ወጣት ሴት ብቅ አለችበት።

«እማማ ብርቄ፣ ሶስና እባላለሁ። ከእድሳት ቤት ነው። ‹የወፍጮ ቤቱ ጠሪ› ላይ እናትየዋን ሆነው የሠሩት እርስዎ ነዎት አይደል?»

«እኔ ነኝ። ምነው፣ ሞታለች ተብሎ ነበር?»

«ኧረ ዕድሜ ይስጥዎት! እንዲያውም ከዚያ ፊልም ሠሪዎች በሕይወት ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«አንድ በአንድ የቀበርኳቸው እኔ፤ ደግሞ ለኔ ትነግሪኛለሽ?»

ሶስና አልተቀየመችም። እድሳት ቤት የሚሠሩ ሰዎች አይቀየሙም። ፊልሙ እንደ አዲስ መሠራቱን፣ ሥራው ማለቁን፣ አሁን የቀረው ማነፃፀሩ ብቻ እንደሆነ ነገረቻት። ሕጉ ያው የታወቀው ሕግ ነው። ሁለት ፊልም በአንድ ስም አይኖርም። ከአሮጌው ሠሪዎች በሕይወት ያለ ሰው ተጠርቶ ሁለቱንም በተርታ ያያል። ፊልሙ የሚያስቅ ከሆነ በሳቁ፣ የሚያስለቅስ ከሆነ በለቅሶው፣ የሚያስፈራ ከሆነ በፍርሃቱ አምባሩ ይለካል። የበለጠው ይቆያል፤ የተበለጠው ከየግድግዳው ይነሳል። የተጠራው ሰው አልመጣም ካለ አዲሱ ያለ ክርክር ያልፋል።

«የተነሳው የት ይሄዳል?» አለች ብርቄ።

«የትም አይሄድም እማማ። ይነሳል።»

ያን ጊዜ ነው ብርቄ የተቀመጠችው።

ፊልሙን ሲሠሩ ፊልም ገና በሰው ይሠራ ነበር። ታሪኩ ከከተማው ዳር ስላለ ወፍጮ ቤት ነው። ሲመሽ አንድ ነገር ከውስጥ ሆኖ ሰው በስሙ ይጠራል፤ በእናቱ ድምፅ፣ በወንድሙ ድምፅ። ቸኩሎ አቤት ያለ ይገባል፤ የገባ አይወጣም፤ ጠዋት በሩ ላይ ትንሽ ዱቄት ተቆልሎ ይገኛል። ብርቄ እህሏን ልታስፈጭ የመጣች እናት ሆና ሠራች። ልጅየዋን የሠራችው የራሷ ልጅ እንጉዳይ ነበረች፤ አምስት ዓመቷ። ሌላ ልጅ ለማምጣት አቅምም አልነበረም።

ጠሪውን የሠራው የብርቄ ወንድም ይመር ነው። የዱቄት ጆንያ አልብሰው፣ ፊቱን ዱቄት ቀብተው፣ ልጅቷን ከበሩ ላይ አፈፍ አድርጎ ወደ ጨለማው ይዟት እንዲገባ አዘዙት። እንጉዳይ መጮህ ነበረባት። ግን ጆንያው ሲያቅፋት የአጎቷን የትምባሆ ሽታ አወቀችው። ሳቀች። ከትከት ብላ፣ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ የወለቀው ጥርሷ ክፍተት እየታየ፣ «አጎቴ!» እያለች ጨለማው ውስጥ ገባች። ፊልም ሠሪው ራሱን ያዘ። የካሜራው ባትሪ አልቆ ነበር፤ ያውም ወፍጮ ቤቱን የተከራዩት ለዚያ ቀን ብቻ ነው። እንዳለ ተወው።

ያን ሳቅ ያየ የደሴ ሰው ስንት ቀን እንቅልፍ አጣ። እናቶች ልጅ ወደ ወፍጮ መላክ ተዉ። «እየሳቀች ነው የሄደችው እኮ!» እየተባባለ ሰው አማተበ። ይመር ጠላ ቤት ሲገባ ሰው ከአጠገቡ ይነሳ ነበር፤ እሱም ኮራበት።

እንጉዳይ በተከታዩ ክረምት በሳምባ ምች ሞተች። ፎቶዎቿ ስልክ ውስጥ ነበሩ፤ ስልኩ ሞተ። «ሌላ ቦታ ተቀምጦልሻል» ያሏትም ድርጅት ከሰመ። የቀረችው እዚያ ፊልም ውስጥ ነው። ብርቄ ምሽት ምሽት እራቷን ስትጨርስ ግድግዳውን «የልጄን አምጣ» ትለዋለች። ግድግዳው የለመደው ነው፤ ከወፍጮ ቤቱ በር እስከ ጆንያው ያለችዋን ያመጣላታል። ታያታለች፤ ትተኛለች።

«አትሂጂ አንቺዬ» አለቻት ጎረቤቷ ዘሀራ ነገሩን ስትሰማ። «ታምሜያለሁ በያቸው።»

«ካልሄድኩማ ዝም ብለው ሊወስዷት ነው።»

«ብትሄጂስ?»

«ብሄድማ አሮጌውን ሲያሳዩኝ እፈራለሁ፤ አዲሱን ሲያሳዩኝ ሽንኩርት እገዛለሁ!»

ዘሀራ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ከዚያ ዓይኗን እየጠረገች፣ «መደበቁንስ እሺ፣ ማንም አይችልሽም። መፍራቱን ግን ታውቂበታለሽ?» አለች።

«ፍርሃት ምኑ ይከብዳል? ፈሪ ሁሉ ሲፈራ እያየሁ አይደል የኖርኩት?» አለች ብርቄ።

የማነፃፀሪያው አዳራሽ ፒያሳ ነው። ሰው አልነበረበትም፤ መሐል ላይ አንድ ወንበር፣ ከወንበሩ ፊት ፊልሙ የሚታይበት መስታወት፣ ከጎን ሶስና። ውሃ ሰጧት። አምባሯን በጨርቅ ጠረጉላት። ብርቄ ነጠላዋን አስተካክላ እንደ ዳኛ ተቀመጠች።

አሮጌው ጀመረ። ድምፁ ይንኮሻኮሻል፤ ምስሉ እዚህም እዚያም ጠቁሯል። ብርቄ በወጣትነቷ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ እህል ተሸክማ ቆማለች። እውነተኛ እህል ነበር፤ ወገቧን እንዴት እንደቆረጠው ዛሬም ታስታውሳለች። የወፍጮው ቀበቶ ሲዞር ሌላ ሰው የሚናገረው አይሰማም። ዱቄቱ አፍንጫዋ ገብቶ ስታስነጥስ ይታያል፤ አልቆረጡትም። ለልጇም ትነግራታለች፤ «እስከ ሦስተኛው ጥሪ አቤት እንዳትይ። ጠሪው ሦስት ጊዜ መጥራት አይሆንለትም።» ይህን ፊልም ሠሪው አላስተማራትም፤ ከናቷ የሰማችው ነው። በዚያ አገር በጨለማ ለሚጠራ ድምፅ ተቻኩሎ መልስ የሚሰጥ አልነበረም።

ጠሪው ወጣ። ከጆንያው ሥር የይመር የላስቲክ ጫማ ወለል ብሎ ይታያል።

ፍሪ እንግዲህ፣ አለች ለራሷ። ጨለማ ነው። ሰው በላ ነው። ልጅሽን ሊወስድ ነው። ትንፋሿን ያዘች፤ ጥርሷን ነከሰች፤ ጅብ አሰበች፤ ሲኦልን አሰበች። ከዚያ እንጉዳይ ብቅ አለች። ቀሚሷ አጥሮባት፣ አፍንጫዋ እየፈሰሰ፣ አንድ እጇ በናቷ ቀሚስ ላይ። እሷን እያዩ እንዴት ይፈራል? የብርቄ ትከሻ ወረደ፤ እጇ ጉልበቷ ላይ ተዘረጋ። ልጅቷ ከትከት ብላ ስትስቅ ብርቄም ሳቀች፤ ሳታስበው።

«እማማ፣ ተኝተዋል እንዴ?» አለች ሶስና በዝግታ።

«ማን ነው የተኛው?»

«አምባርዎ እንቅልፍ ነው የሚለው።»

ብርቄ ክው አለች። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ልቧን መደበቅ እንጂ ማሳየት አልተለማመደችም። ግን ገና አልተሸነፈችም፤ አዲሱን ከእንቅልፍም ዝቅ አድርጋ ማየት ይቀራታል። ነጠላዋን እንደገና አስተካከለች።

አዲሱ አማረ። ኧረ በጣም አማረ። ወፍጮው ድምፅ አለው፤ ግን ሰው ሲናገር ራሱ ዝቅ ይልለታል። ዱቄቱ እንደ ሐር ነው የሚወርደው፤ ማንንም አያስነጥስም። የሷን የወጣትነት ፊት ሳይጠይቋት ወስደው አፍንጫዋን አቅንተውላታል። «ምነው የናቴን አፍንጫ ጠላችሁት?» አለች። ጠሪው ጫማ የለውም፤ እግርም የለውም፤ ሲሄድ ግድግዳው ላይ ያለው ጥላ ከሱ ቀድሞ ይሄዳል። ፈሪ ሰው ቢያየው ይጮህ ነበር። ብርቄ በልቧ የሽንኩርቷን ልጣጭ ታያለች።

ልጅቷ ወጣች። እንጉዳይ አይደለችም። ዓይኗ ትልልቅ፣ ፀጉሯ የተበጠረ፣ ጠሪው ሲያነሳት እንደሚገባው የምታለቅስ፣ እንባዋ እንኳ በየጉንጯ በልክ የሚወርድ።

«ይቺ የማናት?»

«የማንም አይደለችም እማማ። የተሠራች ናት።»

«ያስታውቃል። ንፍጥ የላትም።»

ሶስና አምባሩን አየችና እንደገና በጨርቅ ጠረገችው። ብርቄ ከዚህ እየረታች መሆኑን አወቀች። ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው። ይህን ጨርሳ ወጥታ፣ ለዘሀራ እየሳቀች ስትነግራት ታያት።

ወፍጮው ቆመ። መስታወቱ ጨለመ። ከዚያ ከፊቷ ሳይሆን ከኋላዋ፣ ከግራ ጆሮዋ አጠገብ፣ ጉንፋን በያዘው አፍንጫ፣ መጨረሻውን ዋጥ አድርጎ፣

«እማ» አለ።

ሌላ ልጅ አይደለችም። ሌላ ልጅ እንደዚያ አትልም። እህል ቤት ተደብቃ፣ ብርድ ልብስ ሥር ሆና፣ በመጨረሻው ሳምንት ትንፋሽ እያጠራት፣ እንደዚያ ነበር የምትለው። ፊልሙ ውስጥ የተናገረችው «አጎቴ» ብቻ ነበር፤ ከዚያችው ቃልና ከሳቋ ነው ይህን ያወጡት። ብርቄ ግን ይህን ያሰበችው ኋላ ነው። ሦስተኛውን አልጠበቀችም። ሁለተኛውንም አልጠበቀችም።

«ወዬ ልጄ!» ብላ ከወንበሯ ተነሳች።

አምባሯ ጮኸ። መብራቱ በራ። ከኋላዋ ባዶ አዳራሽ ነው።

«እንኳን ደስ አለዎት እማማ ብርቄ» አለች ሶስና፣ ከልቧ ደስ ብሏት። «ፊልምዎ ታደሰ።»

«ቆይ፣ ቆይ እንጂ! እኔ አልፈራሁም እኮ!»

«አምባሩ ዘሎ ነበር እማማ።»

«ይዝለላ! ልጄ ጠራችኝ፤ ይዝለላ! እሱ ፍርሃት አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ብርቄ አፏን ከፈተች። ሶስና ጠበቀቻት፤ በትሕትና ነው የጠበቀቻት። ከዚያ፣ «እኛ ጋ ለሱ ሌላ ስም የለውም» አለችና የውሃውን ብርጭቆ አነሳች።

«እሺ፣ ፊልሙን ውሰዱት። ሳቋን ብቻ ስጪኝ። ያቺን ቁራጭ፣ በሩ ላይ ያለችዋን። ማንም አያይብሽም፤ ቤቴ ነው የማያት።»

«አሁን ሲጮህ እኮ ተነሳ እማማ። እኔ ጋም የለም።»

ያን ምሽት ብርቄ እራት ሳትበላ ግድግዳው ፊት ተቀመጠች። «የልጄን አምጣ» አለችው። ግድግዳው ወዲያው አመጣላት። ዓይነ ትልቋ ልጅ፣ ፀጉሯ ተበጥሮ፣ በልክ እያለቀሰች ጨለማው ውስጥ ገባች።

«ይቺን አይደለም።»

ግድግዳው ያችኑ ከሌላ አቅጣጫ አመጣላት።

ዘሀራ ስትመጣ ግድግዳው በብርድ ልብስ ተሸፍኖ አገኘችው። ሻይ አፍልታ አጠገቧ ተቀመጠች። «አንቺ ታስታውሺው የለም፣ ስትስቅ?» አለቻት ብርቄ። «እንዴታ! አስታውሳለሁ» አለች ዘሀራ። «እስኪ ሳቂልኝ እንደሷ።» ዘሀራ ሞከረች። የዘሀራ ሳቅ ሆነ። ደግማ ሞከረች፤ ከዚያ ሁለቱም ተዉት።

አዲሱ ፊልም ለሕዝብ በተከፈተ በሳምንቱ ብርቄ ፀጉሯን ተሠርታ፣ የክት ነጠላዋን ለብሳ የዘሀራን በር አንኳኳች።

«የት ነው?»

«ፊልም ቤት። ተነሺ።»

«ደግሞ ያን ልታዪ? አብደሻል?»

«ድምጿ እዚያ ነው ያለው» አለች ብርቄ። «ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፤ አትንገሪኝ። ውሸትም ቢሆን ይጥራኝ።»

ዘሀራ ጫማዋን አደረገች።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። እያንዳንዱ ወንበር የየራሱ መስታወት አለው። ሰው መጀመሪያ ላይ ሲሳሳቅ፣ ቆሎ ሲቆረጥም ነበር። ብርቄ ግን እንግዳ እንደምትቀበል ሰው ቀጥ ብላ ነው የተቀመጠችው። ዱቄቱ ወረደ፤ ጥላው ቀድሞ ሄደ፤ ልጅቷ አለቀሰች። ይሁን፣ ታልቅስ። ወፍጮው ቆመ። ጨለመ።

መጀመሪያ ከፊት ወንበር አንድ ጎልማሳ «አቤት!» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። ከዚያ ከቀኝ፣ ከግራ፣ ከኋላ፣ አቤት፣ ወዬ፣ አለሁ። ከሃያ ዓመት በፊት ባሏን የቀበረችው ዘሀራ የብርቄን ክንድ ጭምድድ አድርጋ ያዘችና «እዚህ ነኝ ሰይዴ!» ብላ ጮኸች። አዳራሹ በሙሉ ለሙታኑ መልስ ይሰጣል።

ብርቄ ግራ ጆሮዋን ወደ ኋላ መልሳ ጠበቀች።

ማንም አልጠራትም። መስታወቷ ላይ ወፍጮ ቤቱ ብቻ ነበር። ቀበቶው ቆሟል። በሩ ክፍት ነው። ወለሉ ላይ ዱቄት ተነጥፏል፤ ዱቄቱ ላይ የማንም እግር የለም። ጠበቀች። «አለሁ» አለች፣ ሳይጠሯት። «እዚህ ነኝ፣ እንጉዳይ። እማ ነኝ።» በሩ እንደተከፈተ ነው። ማንም አይገባም፤ ማንም አይወጣም። ሌላው ሰው ፊልሙን ጨርሶ እንባውን እየጠረገ፣ እየሳቀ ሲነሳ፣ የብርቄ መስታወት ገና ባዶውን ቤት ያሳያል። አምባሯ ጮኾ ጮኾ ደክሞት ነበር። እሷ አልሰማችውም።

በሩ ላይ ሶስና ቆማ ነበር። ብርቄን ስታይ ፈካች።

«የታል ድምጿ?» አለች ብርቄ፣ ሰላም ሳትላት። «ለሰው ሁሉ የሰውን አመጣ። የኔስ?»

«ፊልሙ ከአምባሩ እያነበበ የሚያመጣው ሰውየውን የሚያስፈራውን ነው እማማ። ያን ቀን ሳያስቧት ነው የመጣችው። ዛሬ እየጠበቋት ነበር። ናፍቀው የሚጠብቁት ነገር አያስፈራም፤ ስለዚህ ሌላ ፈለገልዎት።»

«ምን ፈለገልኝ? ባዶ ቤት ነው ያየሁት!»

«አዎ» አለች ሶስና። «እስከ ዛሬ በየትኛውም አዳራሽ የእርስዎን ያህል የዘለለ አምባር የለም። እድሳት ቤት ያሉት ቅድም ሲያዩት ማመን አቅቷቸዋል። ከእንግዲህ እዚህ ሲመጡ አይከፍሉም።»

ዘሀራ ልትሳደብ አስባ ነበር። ብርቄ ግን ጎትታት ወጣች።

በማግስቱ ፊልሙ እንደገና ታደሰ። መጨረሻው ላይ ማንም በማንም ድምፅ አይጠራም፤ በኮምቦልቻም በባህር ዳርም በየወንበሩ ያለው መስታወት ክፍት በርና ንጹሕ ዱቄት ብቻ ያሳያል። ሰው ከበፊቱ ይልቅ ይጎርፍ ጀመር።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር ውሃ በሚቀዳበት ቀን አንዲት ከኮምቦልቻ የመጣች ወጣት ከሰልፉ ፊት ቆማ ስለዚሁ ታወራለች። «መጨረሻው ነው የገደለኝ! ጠሪው ምንም አይደል። መጨረሻው ላይ ግን ዝም ይላል። አንድ ሰው በጠራኝ እያልሽ ትጠብቂያለሽ፤ ማንም አይጠራሽም። ሦስት ቀን ምግብ አልበላሁም። ግን እንዴት አሰቡት በማርያም? ከየት አመጡት?»

ከኋላዋ የተሰለፈችው ዘሀራ አፏን ስትከፍት ብርቄ ክንዷን ያዘችባት።

«እርስዎስ እማማ፣ አይተውታል?» አለች ልጅቷ ዞር ብላ።

ብርቄ ጀሪካኗን በእግሯ ወደ ፊት ገፋ አደረገች።

«ተራሽ ደርሷል» አለቻት። «ቅጂና ዞር በይ።»